የማማ ኛቦል ጉልበት

ባለቤቴን በመጨረሻዎቹ ወራት እግሩ እንዳይደርቅ ቤት ድረስ እየመጣች የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት ነበረች። ትታው የሄደችው ቅባት መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ፣ ሰሞኑን ካልሲዎቹን ሳወጣ እጄ ላይ ፈሰሰ። ካምፎር ካምፎር የሚል፣ አፍንጫ ገብቶ ዓይን የሚያስነባ ሽታ ነው። ተቀምጬ የማለቅስ መስሎኝ ነበር። ሽታው ግን ወደ እሱ አልጋ አልወሰደኝም፤ አልፎት ሄዶ፣ ልጅ አድርጎኝ፣ ጋምቤላ ከማማ ኛቦል ጉልበት ፊት አስቀመጠኝ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ይወደው ነበር፤ ጻፊው፣ ጻፊው ይለኝ ነበር። አሁን ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ። አንዳንድ ቀን ከሁለት መስመር በላይ አልገፋም።

ክልሉ ገና ክልል መባል የጀመረበት ጊዜ ነው። ከተማው ውስጥ በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል። መጀመሪያ በሩ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ይመጣል፣ ቀጥሎ ኃላፊው ይመጣል፤ ወንበሩ ግን ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው ይባላል። እናቴ ከነዚህ ቢሮዎች በአንዱ ታይፒስት ሆና ስለነበር ጠዋት ጠዋት ዱካዋን በብብቷ ይዛ ትወጣለች፤ ማታ ይዛው ትመለሳለች። አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር። ሁለቱም ከደጋ መጥተው እዚያ ነው የተገናኙት። እኔ ግን ባሮ ዳር የተወለድኩ ነኝ፤ ሙቀቱ ሙቀት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ጎረቤታችን ማማ ኛቦል ኑዌር ነበረች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፀ ትልቅ። አማርኛዋ አጭር ነው። ወንድና ሴት አይለይም፤ እናቴንም፣ እኔንም፣ ድመታችንንም "አንተ" ነው የምትለን። የእናቴ ኑዌርኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። ሆኖም እሑድ እሑድ ከየቤተ ክርስቲያናቸው ሲመለሱ የሸምበቆ አጥሩ ላይ ተደግፈው ቀኑን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። በጣም ሲቸገሩ ይጠሩኛል። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ስላደግሁ ኑዌርኛው እንደ አማርኛው ይቀናኝ ነበር።

በዚያ ዓመት በጋው ሲገባ ማማ ከገበያ ስትመለስ፣ ከጭነት መኪና ላይ ስትወርድ ወድቃ ከጉልበቷ በላይ አጥንቷ ተሰበረ። ሆስፒታል ከታፋዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጄሶ ጠቅልለው መለሷት። እኔ አዲስ እግር የተሰጣት መስሎኝ፣ ለምን አንዱን ብቻ ነጭ አደረጉባት ብዬ አዘንኩ። ከወራት በኋላ ጄሶው ሲፈታ የወጣው እግር የከሳ፣ ቆዳው የተቀረፈ፣ እንደ እንጨት ቀጥ ያለ ነበር። ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። "የሷ እግር አይደለም፤ ሆስፒታል ውስጥ ተቀያይሮ ነው" ብዬ ትምህርት ቤት አወራሁ። ክፍሉ ሁሉ አመነኝ። አንዷማ አያቷ እዚያው ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር፣ እግሩ የአያቷ እንደሆነ ልታጣራ እቤት ድረስ መጣች።

ሐኪሙ ለማማ ልጅ ለኛማል ቁርጡን ነግሯት ነበር። ጉልበቱ ክረምቱ ሳይገባ ካልታጠፈ እንደደረቀ ይቀራል፣ እናትሽም ዕድሜዋን ሙሉ በክራንች ነው የምትሄደው አላት። የሚያስፈልጋት ፊዚዮቴራፒ ነው። በክልሉ ያለው ፊዚዮቴራፒስት ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ቾል። ቾል የኛማል እጮኛ ነው።

ቾል አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰው በዚያው ዓመት ነበር። ሆስፒታሉ ዕቃ ቤት የነበረ ክፍል ሰጥቶት፣ እሱም አንድ አልጋ፣ አንድ መስታወትና ከጣሪያው የተንጠለጠለ ገመድ አስገብቶበታል። ሰዉ ሊለምደው አልቻለም። አንድ ቀን አባቴ ለአንገቱ ሲሄድ ተከትዬው ሄጄ፣ በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ሲከራከሩት ሰማሁ።

"መርፌ የለህም?"

"የለኝም፣ አባቴ።"

"እንክብልስ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ምን አለህ?"

"እጅ አለኝ።"

"እጅማ እኛም አለን" አሉና ሁለቱንም እጃቸውን አሳይተውት ሄዱ።

ወጌሻ የለመዱት ደግሞ ሌላ ቅሬታ ነበራቸው። ወጌሻ ያስጮኻል፤ ቾል አያስጮኽም። ሳይጮኹ መዳን እንዴት ይሆናል?

እኔ በመስኮቱ አጮልቄ ሳይ አንድ ግዙፍ ፖሊስ የወንበር መደገፊያ ይዞ ቁጭ ብድግ ይሠራል። ቾል አጠገቡ ቆሞ ይቆጥርለታል። ፖሊሱ ላብ በላብ ሆኗል። በኛ ትምህርት ቤት ቁጭ ብድግ የሚሠራው ያረፈደና የረበሸ ነው። ትልልቅ ሰዎች የሚቀጡበት ቤት መኖሩን ያን ቀን አወቅሁ። ስለዚህ ማማ ፊዚዮቴራፒ ትጀምራለች ሲባል ደነገጥኩ።

"አባዬ፣ ማማ ምን አጥፍታ ነው?"

"ከመኪና ወድቃ ነዋ" አለኝ፣ ደብተር እያረመ።

ከመኪና መውደቅ የሚያስቀጣ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ ከመኪና ስወርድ እንደኔ የሚጠነቀቅ አልነበረም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በማማ ቤተሰብ ሙሽራ አማቱን የሚያከብረው በመራቅ ነው። እሷ ፊት አይበላም፣ ዓይን ለዓይን አያያትም፣ መንገድ ላይ ድንገት ቢያያት ይታጠፋል። እጇን የማይጨብጥ ሰው ታፋዋን ሊያሽ አይታሰብም። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ግን "እኛስ አገር ምራት የአማቷን ስም ትጠራለች እንዴ?" ብላ ለራሷ መለሰች።

ማማ ደግሞ በበኩሏ ምላለች። "እንደ ማሽላ ጆንያ ተሸክመውኝ ሠርግ አልገባም። በእግሬ ቆሜ ካልመረቅሁ ሠርግ የለም።"

እንግዲህ አማቲቱ ካልዳነች ሠርግ የለም፤ የሚያድናት ደግሞ ሙሽራው ነው፤ ሙሽራ ስለሆነ አይነካትም። ዝናቡ ከጀመረ መንገዱ ይዘጋል፣ ከሩቅ ያሉት ዘመዶች አይደርሱም፣ ሠርጉም ለከርሞ ይተላለፋል። ኛማልን ማድ ቤታችን ጀርባ ተቀምጣ ዓይኗን ስትጠርግ አገኘኋት። ሽንኩርት የምትልጥ መስሎኝ ላግዛት ሽንኩርቱን ፈለግሁት።

ማማ ግቢ ካለው ማንጎ ሥር ስብሰባ ተጠራ። አባቴም በጉርብትናው ተገኘ። የማማ ታላቅ ወንድም፣ አጎት ሩዋች፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ብዙ ካሰቡ በኋላ መፍትሔ አመጡ።

"ቾል ለጊዜው እጮኛነቱን ይተው። ጉልበቱን ይጨርስ። ከዚያ ተመልሶ ይጠይቀን።"

ኛማል ከሴቶቹ መሃል ብድግ አለች። "እኔ የምታበድሩኝ አካፋ ነኝ?"

"ለጊዜው ነው ያልኩት፣ ልጄ።"

"ለጊዜው የተወኝ ሰው ለሁልጊዜም ትቶኛል!"

ቾል መሬት መሬት እያየ "እኔም አልተዋትም" አለ።

"ደግ አደረገ!" የሚል ድምፅ ከጎጆው ውስጥ ወጣ። ማማ ናት።

በመጨረሻ አባቴ፣ እጁ ባይገባ ድምፁ ይግባ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቾል ውጭ ተቀምጦ ይናገር፣ ሌላ ሰው ውስጥ ሆኖ ይሥራ። ግን ማን? ኛማል እናቷ "ወይ" ካለች እጇን ትሰበስባለች። አክስቶቹ ማማ ስትቆጣቸው ይሸሻሉ። እኔ ዘመድ አይደለሁም፣ ቁጣም አልፈራም፣ ሁለቱንም ቋንቋ እናገራለሁ። ስሜ ተጠራ።

"ማማ፣ ይህቺ ልጅ እግርሽን ትሰብርብሻለች" አለች እናቴ።

"ሰብሯል እኮ" አለች ማማ በአማርኛዋ። "ሌላ ምን ይሰብራል?"

ከትምህርት ቤት መልስ ቾል ጀርባውን ለጎጆው ግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ እኔ ውስጥ ከማማ እግር ሥር ነኝ። ሁለቱም ኑዌርኛ አፋቸውን የፈቱበት ነው፤ ነገር ግን በኑዌርኛ ቢናገር እሷን አነጋገራት ይባላል። ስለዚህ ለኔ በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ ለማማ በኑዌርኛ እነግራታለሁ። ማማ የተባለውን ቀድማ ተረድታም ቢሆን እስክጨርስ ድረስ በጨዋ ደንብ ትጠብቀኛለች።

"ሙሉ፣ ፎጣውን በሞቀ ውሃ ነክረሽ ጉልበቷ ላይ አቆዪው። ከዚያ ቅባቱን ወደ ላይ፣ ወደ ልብ አቅጣጫ እሺው።"

"ልቧ በየት በኩል ነው?"

"ወደ ላይ ብያለሁ እኮ!"

ያ ቅባት ነው እንግዲህ። እጄ ቀኑን ሙሉ ስለሚሸት ክፍል ውስጥ ከኔ ጋር የሚቀመጥ ጠፍቶ ነበር።

ቅባቱ ሲያልቅ ዋናው ሥራ ይመጣል። ማማ ተረከዟን ምንጣፉ ላይ እየጎተተች ወደ መቀመጫዋ ታስጠጋለች፤ እኔ እየገፋሁ አግዛታለሁ። የሚያመው ይሄ ነው። ማማ ስትጮህ የሰፈሩ ዶሮ ይበተናል።

"በቃ! ተያት፣ ተያት!" ይላል ቾል ከውጭ።

"ገና አልነካኋትም!"

"ታዲያ ለምንድን ነው የምትጮኸው?"

ማማን ጠየቅኋት። "ኋላ እንዳልረሳው ነው" አለች።

ቾልን ያስቸገረው ጩኸቱ ብቻ አልነበረም። ጉልበቱ ምን ያህል እንደታጠፈ የሚያውቀው በኔ አፍ ነው።

"ዛሬ ምን ያህል ታጠፈ?"

"ብዙ።"

"ትናንትስ?"

"ብዙ።"

"የዛሬው ብዙ ከትናንቱ ብዙ ይበልጣል?"

"አዎ። ብዙ ነው።"

ቾል ለአባቴ አቤት አለ። አባቴ ሰሌዳ ላይ የሚሠራበትን ትልቁን የእንጨት ፕሮትራክተር፣ የማዕዘን መለኪያውን፣ ከትምህርት ቤት አመጣልኝ። ጉልበቷ ላይ ሳስጠጋው ማማ ነጥቃ በበሩ ወረወረችው። "ለሬሳ ሳጥን ነው የምትለኪኝ?" ፕሮትራክተሩ ቾል እግር ሥር ወደቀ። አንስቶ አቧራውን አራገፈ።

አባቴ ግን ነገር ከያዘ አይለቅም። በማግስቱ ምሳ ላይ ጉርሻውን አቁሞ "ጥላ!" አለ። ያን ሰሞን ለተማሪዎቹ የዛፍን ቁመት በጥላው መለካት ያስተምር ነበር። በማማና በቾል መሃል አንሶላ ቢዘረጋ፣ ፀሐይዋ ከማማ በስተኋላ ብትሆን፣ የጉልበቷ ጥላ አንሶላው ላይ ያርፋል። ቾል የሚያየው አንሶላ ነው እንጂ አማቱን አይደለም።

ጉዳዩ አጎት ሩዋች ዘንድ ቀረበ። እሳቸው ተነሱና የአባቴን ጥላ በእግራቸው ረገጡት።

"አመመህ?"

"አላመመኝም።"

በትራቸውን አንስተው የጥላውን ራስ ወቀጡት። "አሁንስ?"

"አሁንም አላመመኝም።"

"እንግዲያው ሰው አይደለም" ብለው ፈረዱ።

አንሶላው የእናቴ ነበር። ከእናቷ የተሰጣት፣ ጠርዙ በእጅ የተጠለፈ፣ ጳጳስ እቤታችን ካረፈ ይነጠፍለታል ተብሎ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ። ጳጳስ መጥቶብን አያውቅም። "ሌሎቹ ወፍራም ናቸው፣ ብርሃን አያሳልፉም" አለ አባቴ በሹክሹክታ፤ "እናትሽ ከቢሮ ሳትመለስ እናስገባዋለን።"

እንዲህ ሆኖ ማማ ከጎጆዋ ወደ ግቢው ወጣች። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ አንሶላው በሁለት ምሰሶ መሃል ይወጠራል፣ ማማ ከኋላው ትቀመጣለች፣ ጥላዋ እንደ ግንብ ይረዝማል። ሁለት ቀን ሳይሞላ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ፊልም ሊያይ መጣ። ተመልካች ሲበዛ ማማ መጮህ ተወች። እግሯን ስትስብ ቀስ ብላ ነው፤ እንዲታይላት። አንዱ ልጅ "ይደገም!" ካለ ትደግማለች። ቾል ማዶ ሆኖ "ጥሩ… ትንሽ ጨምሪ… እዚያ ላይ ያዢው" ይላል፤ እኔ መሃል ሆኜ አስተላልፋለሁ። ጥላው እየታጠፈ ሄደ። መጀመሪያ እንደ ቅርንጫፍ፣ ኋላ እንደ ማጭድ።

ጉልበቱ ታጠፈ፤ ማማ ግን ክራንቿን አልለቅም አለች።

"ሙሉ፣ ክራንቹን አስቀምጣ ትቁም በያት።"

"መሬቱን አምኜው ጥሎኛል" አለችኝ ማማ። "እሱን አልጣለውም፤ ምን ያውቃል?" የሳቋ ድምፅ አልነበረም። እጆቿ ክራንቹ ላይ እንደ ሥር ተጣብቀው ነበር።

ሰማዩ ከሰዓት በኋላ መጥቆር ጀመረ። ኛማል የሠርግ ነገር ማንሳት ተወች፤ ቾልም ከሳ። አንድ ቀን ለአባቴ ሲነግረው ሰማሁት። "ጉልበቷማ ደህና ነው። እኔ ከኋላዋ ብቆም፣ ሳልነካት እጄን ብቻ ብዘረጋ፣ ትሄድ ነበር። ሰው ከኋላው እጅ እንዳለ ካወቀ ይሄዳል።" ያኔ ቁም ነገር አልመሰለኝም። ዓምና ነው የገባኝ፣ ከባለቤቴ ኋላ እጄን ዘርግቼ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ስከተለው። ይህንን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን ለጥቂት ቀናት አስቀምጬው ነበር።

ቾል ይህን ባለ ቀን እናቴ ከቢሮ ቀድማ ወጣች። እንግዳ የመጣባቸው አለቃዋ ዱካዋን ለእንግዳው ስለወሰዱባት ቆማ መጻፍ አልቻለችም፤ ተናዳ ነበር የመጣችው። በአጥሩ በኩል የሰዉን ጫጫታ ሰምታ ብቅ ስትል የጳጳሱ አንሶላ አቧራ ውስጥ ተሰቅሎ፣ ሕፃናት ጫፉን ይዘው፣ ቅባት የነካው ጣቴም መሃሉ ላይ ታትሞ አየችው።

"አንሶላዬ!"

አባቴ "ቆይ፣ ላስረዳሽ…" ሲል ዘላ ጨበጠችው። አንዴ ስትስበው ከነምሰሶው ወረደ።

ማማና ቾል ፊት ለፊት ተፋጠጡ። እጅ ቢዘረጉ የሚደራረሱ ነበሩ። ማማ እግሯ እስከ ታፋዋ ተገልጦ በርጩማ ላይ ናት፤ ቾል አንገቱን አስግጎ ጥላ ሲመለከት የነበረ ሰው፣ ዓይኖቹ የሚገቡበት አጡ። ከዚያ ተተኮሰበት እንደተባለ ወታደር በፊቱ መሬት ላይ ተደፋ።

ማማ ጨርቋን ሰበሰበች። ብድግ አለች። ዞር ብላ ግቢውን አቋርጣ ሄደች፣ የጎጆው በር ዝቅ ያለ ስለነበር ጎንበስ አለች፣ ጉልበቷን አጥፋ ገባች። ክራንቾቹ በርጩማው አጠገብ እንደተጋደሙ ናቸው።

ሰው ሁሉ የጎጆውን በር ያያል። እናቴ እንኳ አንሶላውን አቅፋ አፏን ከፍታ ቀረች።

"ምን ተፈጠረ?" አለ ቾል፣ አፉ አፈር ውስጥ ሆኖ። "ወደቀች? ሙሉ! ወደቀች ወይ?"

"ገባች።"

"ማን ደግፏት?"

"ማንም።"

ቾል ግንባሩን ከመሬት አላነሳም። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ያላየው እሱ ብቻ ነው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰ መሰለኝ፤ ሲናገር ግን ድምፁ የሆስፒታሉ ድምፅ ነበር። "ስትራመድ መጀመሪያ መሬት የነካው ተረከዟ ነው ጣቷ?"

በቃል ማስረዳት አቃተኝ። "ቀና በል፣ ላሳይህ" አልኩትና ማማ እንደሄደችው ሄድኩለት፤ ጨርቄን ሰብስቤ፣ አንገቴን አቅንቼ፣ ቀኝ እግሬን ትንሽ እየሳብኩ።

"ድገሚው።"

ደገምኩት። ኛማል እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቅና ለቅሶዋ ተደባልቆባት ነበር። ይሄን ጊዜ ከጎጆው ውስጥ ያ ትልቅ ድምፅ በአማርኛ መጣ።

"አንተ ሙሉ! ለሱ ንገረው! እኔ እንደዛ አያነክስም!"

ቾል ቁጭ አለ፤ ግንባሩ አፈር ነው። "ካላነከሰች ወጥታ ታሳየን በያት።"

አጎት ሩዋች እናቴን ተመለከቷት። አባቴም ተመለከታት። ሁላችንም ተመለከትናት።

"እኔ ራሴ ነኝ የምይዘው" አለች እናቴ። "እናንተ መሬት ታስነኩታላችሁ።"

አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን ኛማል ይዘው ከጎጆው በር ላይ ወጠሩት። ማማ ጎንበስ ብላ ወጣች፤ ጥላዋ አንሶላው ላይ ቀጥ አለ። ስትራመድ ሁለቱም አብረዋት ይራመዳሉ፣ እናቴ "ከፍ አድርጊው፣ ከፍ!" እያለች ኛማልን ትቆጣታለች። አንሶላው በግቢው ውስጥ እንደ ጀልባ ሸራ ሄደ። ቾል ተንበርክኮ ጥላውን በዓይኑ እየተከተለ፣ "ተረከዝ… ተረከዝ… ተረከዝ…" ይል ነበር፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ።

አጥሩ ጋ ደረሱ። ጥላዋ ቆመ።

"ሙሉ" አለችኝ ማማ ከአንሶላው ወዲያ፣ በኑዌርኛ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "በቃው ወይስ ልመለስ?"

ቾል ትመለስ በሚል እጁን ወደ ጎጆው አወዛወዘልኝ።

"ተመለሺ!" አልኳት።

ዞረች።